ማርሚታ፦ የትኛው ሥራ ለቤት፣ የትኛው ለጋራዥ?

ማርሚታው የተበሳ መኪና ሰፈር ሳይደርስ በድምፁ ይታወቃል። ባለቤቱ ተንበርክኮ ከሥሩ ሲያይ የሚያገኘው ነገር ግን የሚያስፈራ አይመስልም፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ሁለት ብሎን፣ ሁለት ሦስት የላስቲክ ማንጠልጠያ። "ይቺን ይዤ ጋራዥ ከምሰለፍ ራሴ ብቀይራትስ?" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው።

አሁን አሁን ይህ ጥያቄ የሚበዛበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው፤ የጭስ ቱቦው ደግሞ ከሞተሩ ቀድሞ ያረጃል።

መልሱን የሚወስነው የሰውየው ሙያ ብቻ አይደለም። እጀ ወርቅ የሆነ ሰው እንኳ ቤቱ ሆኖ ሊነካው የማይገባ ቦታ አለ፤ ቁልፍ ይዞ የማያውቅ ሰው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውም አለ። ዋናው ነገር ብልሽቱ በጭሱ መንገድ ላይ የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ ነው። እስቲ መንገዱን ከመነሻው እንከተለው።

ጭሱ ከሞተር እስከ ጭራ በምን በምን ያልፋል?

በተለምዶ ከመኪናው ሥር የተዘረጋውን ቱቦ በሙሉ ማርሚታ እንለዋለን። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ክፍሎች ተቀጣጥለው የሠሩት መስመር ነው።

ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በብሎን የታሰረው የመጀመሪያው ክፍል ማኒፎልድ ይባላል። ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ አንድ ቱቦ ያስገባል። እዚህ ጋ የጭሱ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ቀጥሎ ያለው መገጣጠሚያ ሞተሩ በተነቃነቀ ቁጥር ቱቦው እንዳይሰበር አብሮ የሚወዛወዝ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ይህን ቦታ የሚይዙት ስፕሪንግ የለበሱ ሁለት ብሎኖች ሲሆኑ፣ መሐሉ ላይ ጭስ እንዳይሾልክ የሚደፍን፣ ቀለበት የመሰለ ጓርኒሲዮን ይቀመጣል።

ከዚያ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይመጣል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ማርሚታ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሸክላ ነው። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየም እና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ፣ መርዛማው ጭስ እነዚህን ማዕድናት እየነካ ሲያልፍ አብዛኛው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን እና የውሃ እንፋሎት ይለወጣል። ከካታሊቲኩ በፊትና በኋላ ኦክስጅን ሴንሰር የሚባሉ ባለ ሽቦ እቃዎች ተሰክተዋል። ሥራቸው በጭሱ ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንደቀረ ለመኪናው ኮምፒውተር መናገር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅም ቱቦ እና ትክክለኛው ማርሚታ ነው። ማርሚታ ድምፅን የሚገድለው ጭሱን በማፈን አይደለም። ውስጡ በክፍሎች ስለተከፋፈለ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ጭሱ ግን መንገዱን አግኝቶ ይወጣል።

ከሞተሩ እየራቅን በሄድን ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ካታሊቲኩን ካለፍን በኋላ ደግሞ መርዙም ይቀንሳል። ብሎኑም ቢሰበር የሚያስከትለው መዘዝ እየቀለለ ይመጣል። የሥራው ክፍፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚበሰብሰው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዝገቱ ከውጭ፣ ከጭቃና ከዝናብ ይመስለዋል። አብዛኛው ጥፋት ግን ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጠዋት ከጭራው የሚንጠባጠበው ውሃ እሱ ነው። መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ ቱቦው ስለሚግል እንፋሎቱ ተጠርጎ ይወጣል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል መኪና ግን ማርሚታው ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ውሃው ከጭሱ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ሆዱ ውስጥ ያድራል። ትንሽ የተነዳ መኪና ማርሚታው ቶሎ የሚበሳው ለዚህ ነው።

ስለዚህም ብዙ ማርሚታዎች በታችኛው በኩል ከፋብሪካው የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው። የውሃ መውጫ ናት። "ተበስቷል" ተብላ ስትበየድ አይቻለሁ፤ እባክዎ አያስበይዷት።

በኮብልስቶን እና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱ የሚጫር ዝቅ ያለ መኪና ደግሞ ከዝገቱ በላይ መገጣጠሚያውና ማንጠልጠያው ይጎዳል።

ጉዳቱ ድምፅ ብቻ ነው?

አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ ለገጣፎ ሳንደርስ "አባዬ፣ ራሴን አመመኝ" አለችኝ። መንገዱ አድክሟት ነው አልኩ። ብርድ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ጥቂት ቆይቶ እናቷንም አቅለሸለሻት። ዳር ይዘን ወርደን፣ ነፋስ ሲያገኙ ሁለቱም ቀስ በቀስ ተሻላቸው። በማግስቱ መኪናው ከሥሩ ሲታይ ከካታሊቲኩ በፊት ያለው መገጣጠሚያ ዙሪያውን ጥቁር ጥላሸት ለብሷል፤ ከበላዩ ደግሞ የወለሉን ቀዳዳ የሚደፍነው ላስቲክ ወልቋል። ያንን መገጣጠሚያ ከሁለት ሳምንት በፊት የፈታሁት እኔ ነበርኩ። አዲስ ጓርኒሲዮን ስላላገኘሁ አሮጌውን መልሼ አስሬዋለሁ።

ከዚያ የሾለከው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ይቁጠሩት፤ ኦክስጅን ተሳፍሮ መድረሻው ላይ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ወንበሩን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው፤ በቀላሉም አይወርድም። ታክሲው ሞልቶ ይዞራል፣ ሰውነት ግን አየር ያጣል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። ከጉንፋን ጋር የሚምታታ ነው፤ ልዩነቱ ትኩሳት አለመኖሩ፣ አብረው የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸው እና ከመኪናው ሲወርዱ መሻሉ ነው። ሰው ራሱን እስከ መሳት ከደረሰ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ግን ነፋስ ማግኘት ብቻ አይበቃም፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከመነሻው በትንሽ ኦክስጅን የሚሠራ ሰውነት ለዚህ ጋዝ የሚተርፈው ነገር የለውም።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ልሥራ?

ከካታሊቲኩ በኋላ ያለ፣ በብሎን ወይም በማንጠልጠያ የተያዘ ማንኛውም ነገር ለጥንቁቅ ሰው የሚቻል ነው።

ከሁሉም የሚቀለው የላስቲክ ማንጠልጠያ መቀየር ነው። ማርሚታው "ጓ ጓ" እያለ ከሻሲው ጋር ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይህ ላስቲክ መሰንጠቁ ነው። አዲሱን ሲያስገቡ በሳሙና ውሃ ያርሱት፣ ይንሸራተታል። ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡት፤ ላስቲኩን ይበላዋል። አንዱን ቀይሮ ሌላውን ያረጀ መተው ክብደቱን በአዲሱ ላይ መጫን ስለሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ።

ቀጥሎ የኋላው ማርሚታ ነው፣ በብሎን የሚፈታ ከሆነ። እዚህ ሥራውን የሚያከብደው የዛገው ብሎን ነው። ከዋዜማው ማታ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው ደብሊውዲ 40 ወይም መሰል የዝገት ማላቀቂያ ይርጩበት፣ ጠዋት ይድገሙት። ጫፉን እንዳይልጠው ስድስት ማዕዘን ያለው ቁልፍ ይጠቀሙ። መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ይሞክሩ፤ ዝገቱ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። ብሎኑ እየዞረ ግን እንደ ማስቲካ እየለሰለሰ ከሄደ አልተፈታም፤ ሊበጠስ እየተጠመዘዘ ነው። ቆም ብለው ዘይት ይጨምሩ። የኋላ ብሎን ቢበጠስ እንኳ አንገቱን አስቆርጦ አዲስ ማስገባት ይቻላል፣ ዓለም አይፈርስም።

ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ እቃ ሲገዙ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት መናገር አይበቃም። አሮጌውን አውርደው ይዘውት ይሂዱ። የቱቦው ውፍረት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የማንጠልጠያ ዘንጎቹ ቦታ እና የጭራው ርዝመት አንድ በአንድ ይመሳከር። በተለይ ጭራውን! ከመኪናው አካል አልፎ ካልወጣ ጭሱ ከኋላ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። እቃ ጭኖ የኋላ በሩን ከፍቶ የሚሄድ መኪናም ማርሚታው ደህና ሆኖ ሳለ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዶልፊን እና በሌሎች ሚኒባሶች በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

የፈቱት መገጣጠሚያ ሁሉ አዲስ ጓርኒሲዮን ይፈልጋል። አሮጌው አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ቅርጹን ይዟል፣ ሁለተኛ አይደፍንም። ይህን በምን ዋጋ እንደተማርኩ ከላይ ነግሬዎታለሁ።

በቆርቆሮና በሽቦ ጠቅልሎ፣ ወይም ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ ለጥፎ መንዳት ጋራዥ እስኪደርሱ ብቻ ነው።

ለጋራዥ የሚተወውስ የትኛው ነው?

ማኒፎልዱ በጭራሽ የቤት ሥራ አይደለም። ብሎኖቹ ለዓመታት እየጋሉ እየቀዘቀዙ ኖረዋል፤ አንዱ ቢበጠስ ስባሪው የሚቀረው ቴስታታው ውስጥ ነው። ያኔ የአንድ ጓርኒሲዮን ሥራ ቴስታታ ማውረድ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ "ጢቅ ጢቅ" የሚልና ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከሰሙ ማኒፎልዱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም፤ ብረቱ ሲግል ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሲበርድ ይከፈታል።

ከካታሊቲኩ በፊት ያለውን መገጣጠሚያም ለባለሙያ ይተዉት። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ስህተቱ ሰው ስለሚጎዳ ነው። ከዚያ የሚሾልከው ጭስ ገና ያልተጣራ ነው፣ ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ላይ ደግሞ የሚያልፈው ከእግርዎ ሥር ነው። ባለ ስፕሪንጉን ብሎን ያለ ልክ ማጥበቅም ጥፋት ነው፤ መወዛወዙ ይቀርና ቱቦው ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። በተጨማሪም ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ ጭሱ በሚወጣበት ክፍተት የውጭ አየርም ይገባል። ሴንሰሩ "ኦክስጅን በዝቷል" ይላል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ነዳጅ በላብኝ ብሎ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) እና ፊልትሮ የሚቀያይር ሰው አንዳንዴ ችግሩ ይኸው ቀዳዳ ነው።

ብየዳ ሌላው ነው። ማርሚታው ከነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ያልፋል፤ ብልጭታው ምን ሊያደርግ እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። ግን መካከለኛ መንገድ አለ፣ እኔም አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ማርሚታውን ቤት ፈትቶ ማውረድ፣ ለብቻው ተሸክሞ በያጅ ዘንድ መውሰድ፣ ሲመለስ በአዲስ ጓርኒሲዮን ማሰር። መኪናው ላይ እንዳለ የግድ የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መጀመሪያ ይነቀል፣ የመበየጃው የመሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ። ያለዚያ ኤሌክትሪኩ በኮምፒውተሩ በኩል መንገድ ሊፈልግ ይችላል። በያጁ ቸኩሎ "ችግር የለውም" ቢል እንኳ ገመዱን ራስዎ ይንቀሉት።

ከመኪናው ሥር ስገባስ?

ከማርሚታው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ክሪክ መኪና ለማንሳት ነው የተሠራው፣ ሰው ከሥሩ ተኝቶ እንዲሠራ አይደለም። ጎማ ለመቀየር ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ብቻ ከያዘው ከሥሩ እጅዎን እንኳ አያስገቡ። መኪናው በሁለት የብረት መቆሚያ፣ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ መሬት የነኩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። ብሎኬት በፍጹም! ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ቆይቶ በድንገት ይፈርሳል፤ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ከመግባትዎ በፊት መኪናውን በእጅዎ ገፋ ገፋ ያድርጉት፣ ከተነቃነቀ አይግቡ። በአጠገብዎም ሰው ይኑር። መቆሚያ ከሌለዎት ሥራው የጋራዥ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ ካታሊቲኩ ከሞተሩ ዘግይቶ ነው የሚበርደው። የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ተኝተው ወደ ላይ ሲያዩ ብሎኑ በተነካ ቁጥር የዝገት ብናኝ የሚዘንበው ዓይን ላይ ነው። ሃይብሪድ መኪና ከሆነ ደግሞ ያጥፉት፣ ቁልፉንም ከመኪናው ያርቁት፤ "ዝግጁ" (READY) የሚለው መብራት እንደበራ ከተተወ ባትሪው ሲጎድል ሞተሩ ራሱ ይነሳል።

ካታሊቲኩን ባወጣውስ?

"ውስጡን ብታስወጣው ይበራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል" የሚል ምክር ይሰማል። ጤነኛ ካታሊቲክ የሞተርን ጉልበት የሚቀንሰው በጣም ትንሽ ነው። የተደፈነው ግን በእርግጥ ያንቃል፤ መኪናው ዳገት እምቢ ይላል። መፍትሔው የደፈነውን ምክንያት ማግኘትና ካታሊቲኩን መቀየር ነው። ዘይት የሚበላ ወይም ካንዴላው በትክክል የማያቃጥል ሞተር አዲሱንም ይጨርሰዋል። ውስጡ የወጣ መኪና ከጭራው የሚለቀው ሁሉ ያልተጣራ ጭስ ነው፤ ያንን የሚተነፍሰው ከኋላ የቆመው ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው እና መንገድ ዳር ያለው ሻጭ ነው። የቼክ ኢንጅን መብራቱም ብዙ ጊዜ "ካታሊቲኩ በደንብ አይሠራም" የሚለውን ፒ0420 የሚባል ኮድ ይዞ ይበራል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ መብራቱ ምንም አይነግርዎትም።

ጤናውን ለማወቅ፣ ሲበርድ በላስቲክ መዶሻ ወይም በጫማ ሶል ቀስ ብለው መታ ያድርጉት። እንደ ጠጠር ከተንኮሻኮሸ ሸክላው ተሰብሯል።

አሜሪካ ላሉ ደግሞ ነገሩ የሕግም ነው። ካታሊቲክ ማውጣት በፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ነው። ራስዎ ከመግዛትዎ በፊት ግን ዋስትናውን ያረጋግጡ፤ ፋብሪካው ለካታሊቲክ ኮንቨርተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ፣ ኃላፊነት እንዲወስድ ሕጉ ያስገድዳል። እስራኤል ያላችሁ ዓመታዊው ቴስት ጭሱንም እንደሚለካ ታውቃላችሁ።

በትክክል መሠራቱን በምን አውቃለሁ?

ግቢው ክፍት ሆኖ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ያስነሱት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን አይሆንም፤ ቀዝቃዛ ካታሊቲክ ገና ሥራ ስላልጀመረ ጤነኛው መኪና እንኳ ሰው ይገድላል። ጓንት ያድርጉና በወፍራም ጨርቅ ጭራውን ለጥቂት ሰኮንድ ከደን ያድርጉት። መስመሩ ደህና ከሆነ ጨርቁን ይገፋል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። "ፍስስ" የሚል ድምፅ ከመሐል ከሰሙ ያፈስሳል። ቦታውን ለማግኘት በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይርጩ፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ነው።

ቱቦው ከነዳጅ መስመር፣ ከፍሬን ቱቦ እና ከፕላስቲክ ሁሉ ቢያንስ የሁለት ጣት ያህል መራቁን፣ ከላዩ ያለው ሙቀት መከላከያ ላሜራም መመለሱን ይመልከቱ። ላሜራው ስለሚንኳኳ ብቻ ነቅለው የሚጥሉት አሉ፤ ምንጣፉን ከሙቀት የሚከላከለው እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ይንዱትና ሲበርድ እንደገና ጎንበስ ብለው ይዩ። ብረቱ ግሎ ሲበርድ ብሎኖቹ ስለሚላሉ መጠነኛ ማጥበቅ ያስፈልጋቸዋል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ አዲስ ጥላሸት ካዩ ገና ያፈስሳል ማለት ነው። ያኔ ኋላ ወንበር ላይ ሰው ሳያስቀምጡ፣ መስኮቱን ከፍተው ወደ ጋራዥ ይንዱት።